የሳክስፎንን ድምፅና የምላስ አጠቃቀም በአምቡሹር ልምምድ ማሻሻል

ሳክስፎን ለጀማሪ ደግ መሣሪያ ነው። ትራምፔት ወይም ዋሽንት ለያዘ ሰው የመጀመሪያዋን ድምፅ ማግኘት ራሱ የብዙ ቀናት ትግል ሊሆን ሲችል፣ ሳክስፎን ግን ሪዱ (ሲነፋ የሚንቀጠቀጠው ቀጭን የሸምበቆ ቁራጭ) በትክክል ከታሰረ በመጀመሪያው ቀን ይናገራል። ጣት ቶሎ ይለምዳል፣ ዜማም ቶሎ ይያዛል። ከወራት በኋላ ግን ተጫዋቹ በስልክ የቀዳውን የራሱን ድምፅ ሲያዳምጥ፣ ወደ ላይ ሲወጣ እንደሚቀጥን፣ ወደ ታች ሲወርድ እንደሚሰነጠቅ፣ በፈጣን ቦታዎች ላይ ደግሞ ኖታዎቹ እርስ በርስ እንደሚደባለቁ ይሰማል። በዚህ ጊዜ አብዛኛው ሰው ውድ ማውዝፒስ (ሪዱ የሚታሰርበትና ወደ አፍ የሚገባው ክፍል) ለመግዛት ገንዘብ ማጠራቀም ይጀምራል። በእኔ አስተያየት ጥፋቱ በብዛት የሚገኘው ከታችኛው መንጋጋ ላይ ነው፤ ተጫዋቹ ሪዱን በከንፈር መደገፍ ሲገባው በጥርሱ ይነክሰዋል።

ሙዚቀኞች አምቡሹር የሚሉት የከንፈር፣ የአገጭና የመንጋጋ አያያዝ ሲስተካከል ድምፁም የምላስ አጠቃቀሙም አብረው ይስተካከላሉ። ሁለቱን እንደተለያዩ ትምህርቶች መያዝ አልወድም፤ ረጅም ድምፅ ሲነፋ የሚያምር ከንፈር ምላስ በተንቀሳቀሰ ቁጥር የሚናጋ ከሆነ ገና አልተያዘም ማለት ነው። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ለአልቶና ለቴነር ሳክስፎን ተጫዋቾች የተዘጋጀ ነው። የኖታዎቹን ስም በዶ ሬ ሚ እጠራለሁ፤ በሳክስፎን ኖታ ላይ እንደሚጻፉት ማለት ነው። ስለ ቱነር (የድምፅን ከፍታ የሚያሳይ መሣሪያ) ወይም ስለ ፒያኖ ስናገር ለይቼ እጠቅሳለሁ።

መጀመሪያ መሣሪያውን ከጥርጣሬ ነጻ ማድረግ

አየር የሚያሳልፍ ሳክስፎን ጥሩውን ከንፈር ያበላሻል፤ ተጫዋቹ የጠፋውን አየር ለማካካስ መንከስ ይለምዳልና። ከታችኛው ሬ በታች ያሉት ድምፆች አልወጣ ብለው የሚያስቸግሩ ከሆነ፣ ከንፈርዎን ከመውቀስዎ በፊት ከእርስዎ የበለጠ ልምድ ያለው ሰው በራሱ ማውዝፒስ እንዲነፋው ያድርጉ። እሱም ከተቸገረ ነገሩ የፓድ፣ ማለትም ቀዳዳውን የሚደፍነው ለስላሳ ክዳን ነው። ቀጭን ወረቀት በፓዱና በቀዳዳው መካከል አስገብተው፣ ቁልፉን በቀላሉ ዘግተው ወረቀቱን ቀስ ብለው ይሳቡት፤ በዙሪያው ሁሉ እኩል ሊይዝ ይገባል፤ በአንድ በኩል ሳይያዝ ሾልኮ የሚወጣ ከሆነ መሣሪያውን ወደ ጠጋኝ ይውሰዱት። ስኳር ያለው ሻይ ወይም ማኪያቶ ጠጥተው ወዲያው አይንፉ፤ አፍዎን በውኃ ይጉመጥመጡ። የሶል ሻርፕ ፓድ በተፈጥሮው ተዘግቶ የሚቀመጥ ስለሆነ ጣፋጭ ምራቅ ሲነካው ተጣብቆ ይቀራል።

ሪድ የሚሠራው ከሸምበቆ ነው፤ ስለዚህ አየሩን ይከተላል። ደጋ ላይ፣ በተለይም በበጋው ደረቅ አየር፣ ጫፉ ቶሎ ደርቆ ይጨማደዳል። ከመታሰሩ በፊት አንድ ሁለት ደቂቃ በአፍ ወይም በንጹሕ ውኃ ያርጥቡት፤ የጫፉ ጭምድድ እስኪቃና ድረስ ይታገሱ። ለዚህ ልምምድ ቁጥር 2 ወይም 2 ተኩል የሆነ ሪድ ይበቃል። ወፍራም ሪድ ትልቅ ድምፅ ይሰጣል የሚለው አባባል ብዙ ወጣት አስነክሷል፤ ከንፈር የማይችለው ሪድ መንጋጋን ለእርዳታ ይጠራል። የሪዱ ጫፍ ከማውዝፒሱ ጫፍ ጋር እኩል ሆኖ፣ ግራና ቀኙም ሳያጋድል መታሰር አለበት። ሪዱን የሚያስረውን ሊጌቸርም እንዳይንሸራተት ያህል ብቻ ያጥብቁት።

አፍን በቦታው ማስቀመጥ

ማውዝፒሱን ምን ያህል ወደ አፍ ማስገባት እንደሚገባ በግምት አይወስኑ። ሪዱ ከታሰረ በኋላ ቀጭን ወረቀት በሪዱና በማውዝፒሱ መካከል ከጫፍ ወደ ውስጥ ያንሸራትቱ፤ ወረቀቱ አልሄድም የሚልበት ቦታ ሪዱ ከማውዝፒሱ መለየት የሚጀምርበት ነው። በዚያ ትይዩ ሪዱ ጎን ላይ በእርሳስ ትንሽ ምልክት ያድርጉ። ታችኛው ከንፈርዎ ሊያርፍ የሚገባው በዚህች ምልክት አካባቢ ነው። ከዚህ ወደ ጫፉ ሲጠጉ ሪዱ ይታፈንና ድምፁ ትንሽና የተዘጋ ይሆናል፤ ከዚህ አልፈው ብዙ ሲያስገቡ ደግሞ ድምፁ ይበረግጋል፣ ይንጫጫልም።

ቀጥሎ የአንገት ማንጠልጠያውን ያስተካክሉ። ቀጥ ብለው ቆመው ወይም ተቀምጠው ወደ ፊት ሲመለከቱ ማውዝፒሱ ራሱ ወደ አፍዎ መምጣት አለበት። አንገትዎን ቀልሰው ወደ ታች የሚፈልጉት ከሆነ ማንጠልጠያው ረዝሟል፤ የተቀለሰ አንገት ጉሮሮን ያጠባል፣ የመሣሪያውንም ክብደት በከንፈር ላይ ይጥላል።

አሁን «ፍ» ለማለት እንደተዘጋጁ ሆነው ታችኛውን ከንፈር በትንሹ በታችኛው ጥርስ ላይ ያስተኙት፤ ከንፈሩ በሙሉ ወደ ውስጥ መታጠፍ የለበትም፤ ከቀዩ ክፍል የተወሰነው ከውጭ መታየት ይገባዋል። የላይኛው ጥርስ ማውዝፒሱ ላይ በቀጥታ ይረፍ፣ የጭንቅላትዎን ክብደት ያህል ይሸከም እንጂ አይጫን። ከዚያ የከንፈርዎን ግራና ቀኝ ጫፎች «ኡ» እንደሚሉ ወደ መሐል ይሰብስቡ። ሥራው ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ከታች ወደ ላይ የሚገፋ ኃይል ሳይሆን ከጎን ወደ መሐል የሚሰበስብ ኃይል ያስፈልጋል። አገጭ ወደ ታች የተዘረጋና ጠፍጣፋ ይሁን፤ ተጨማድዶ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ከሆነ ከንፈሩን ወደ ላይ እየገፋው ነው። ጉንጭም አይነፋ። ክላርኔት ሲጫወቱ ቆይተው ወደ ሳክስፎን የሚመጡ ሰዎች ከዚህ ቦታ ላይ ልዩ ትኩረት ያስፈልጋቸዋል፤ የክላርኔት ከንፈር ይበልጥ ጠበቅ ያለ ነው፤ ያንኑ ወደ ሳክስፎን ሲያመጡት ድምፁ ይቀጥናል፣ ቅኝቱም ወደ ላይ ይወጣል።

በማውዝፒስ ብቻ መንፋት

ከዚህ መመሪያ አንዱን ብቻ የመውሰድ ጊዜ ያለው ሰው ይህንን ይውሰድ። ማውዝፒሱን ከሳክስፎኑ ይንቀሉና ብቻውን፣ በተለመደው ጉልበት ይንፉት፤ ቱነር ከፊትዎ ይሁን። የአልቶ ማውዝፒስ በፒያኖው ላ፣ ማለትም 880 ኸርዝ አካባቢ ሊሰማ ይገባል፤ የቴነር ደግሞ በፒያኖው ሶል፣ 784 ኸርዝ አካባቢ። ቱነሩ ከዚህ በላይ ካሳየዎት እየነከሱ ነው። በጣም ዝቅ ካለ ከንፈሩ ላልቷል ወይም አየሩ ደካማ ነው። ጃዝ የሚጫወቱ ብዙ ሰዎች ሆን ብለው አንድ ድምፅ ያህል ወይም ከዚያም በላይ ዝቅ አድርገው ይይዙታል፤ ወፈር ያለና ሰፊ ድምፅ ስለሚሰጣቸው ነው። መጀመሪያ ግን በተጠቀሰው ከፍታ ሳይናወጥ መቆየትን ይልመዱ፤ ዝቅ ማድረጉ በኋላ ምርጫዎ ይሆናል።

ድምፁን ለ8 ምት ያህል ይያዙት። የቱነሩ ቀስት መጀመሪያ ላይ ወደ ላይ ዘልሎ ቀስ እያለ የሚወርድ ከሆነ፣ ድምፁን በአየር ሳይሆን በንክሻ እየጀመሩት ነው። መጨረሻ ላይ የሚወርድ ከሆነ ደግሞ አየሩ ሲያልቅ ከንፈሩም አብሮ እየፈታ ነው። ቀስቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ቦታ ሲቆም ከንፈርና ትንፋሽ ተስማምተዋል ማለት ነው።

ከዚያ ድምፁን ያለ ጣት ወደ ታች ያንሸራትቱት፤ መንጋጋውን በጥቂቱ እየለቀቁ፣ በአፍ ውስጥ ደግሞ ምላስን ከ«ኢ» ወደ «ኦ» እያወረዱ፣ በመጀመሪያ ግማሽ ድምፅ፣ ቀጥሎ አንድ፣ እያለ እስከ አራተኛው ድምፅ ድረስ ይውረዱና ወደ ተነሡበት ይመለሱ። ከንፈሩ ጠርዙ ላይ ሳይፈታ ይህን ማድረግ የቻለ ሰው በኋላ ማንኛውንም ኖታ ወደ ትክክለኛው ቅኝት ማምጣት አይቸግረውም። ድምፁ እንደ ጠቦት የሚጮኽ በመሆኑ ጎረቤት ላይወደው ይችላል። በኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው የልብስ ቁም ሣጥኑን ከፍቶ ወደ ልብሱ ፊቱን አዙሮ ቢነፋ ይቀንስለታል። ፎጣ በሳክስፎኑ አፍ መጠቅጠቅ ግን ዋጋ የለውም፤ አብዛኛው ድምፅ የሚወጣው በጎን ካሉት ቀዳዳዎች ስለሆነ፣ የሚበላሹት የታችኞቹ ጥቂት ኖታዎች ብቻ ናቸው።

ማውዝፒሱ ሲጸና የሳክስፎኑን አንገት (ማውዝፒሱ የሚገጠምበትን ጥምዝ ቱቦ) ብቻ ይጨምሩና ይንፉ። አልቶው በፒያኖው ላ ፍላት፣ ቴነሩ በፒያኖው ሚ አካባቢ መሰማት አለበት።

ረጅም ድምፅ

ሙሉ መሣሪያውን ገጥመው በግራ እጅ አመልካች ጣት በሚያዘው መካከለኛው ሲ ይጀምሩ። ሜትሮኖሙን (ምት የሚቆጥረውን መሣሪያ) 60 ላይ አድርገው ለ8 ምት ይንፉ፣ ለ4 ምት ይረፉ፣ በግማሽ ድምፅ እየወረዱ እስከ ታችኛው ዶ ይሂዱ። በሚቀጥለው ቀን ወደ ላይ ይውጡ። ድምፁ ከዝምታ በዝግታ ተነሥቶ፣ በአራተኛው ምት ላይ ደምቆ፣ እንደገና ወደ ዝምታ ይመለስ።

ሳክስፎን ሲጎላ ቅኝቱ ወደ ታች፣ ሲለሰልስ ወደ ላይ የመሄድ ጠባይ አለው። በመሆኑም ሲለሰልስ ከንፈርን ማጥበቅ ሳይሆን በጥቂቱ መልቀቅና አየሩን ማፍጠን ያስፈልጋል፤ አብዛኛው ተጫዋች ግን የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። ከኖታዎቹም ጠባየኞች አሉ። ምንም ጣት ሳይጫን የሚወጣው ዶ ሻርፕ ቀጭንና ዝቅ ያለ ሲሆን፣ በስድስቱም ጣቶችና በኦክታቭ ቁልፍ (ድምፁን ወደ ላይኛው እርከን በሚያዘልለው) የሚያዘው ሬ ደግሞ የታፈነና ከፍ ያለ ነው። እነዚህን ሁለቱን እያፈራረቁ በአንድ ትንፋሽ ይንፏቸውና እንደ አንድ ሰው ድምፅ እንዲሰሙ ለማድረግ ይሞክሩ።

አንድ ቀላል መፈተኛ አለ። ታችኛውን ሶል በምቾት እየነፉ ሳለ ሌላ ሰው ሳያስጠነቅቅዎት የኦክታቭ ቁልፉን ይጫን፣ ይልቀቅም። ድምፁ ወዲያው አንድ ኦክታቭ ዘልሎ፣ ሲለቀቅም ወዲያው መውረድ አለበት። ቁልፉ ከተለቀቀ በኋላ ላይኛው ድምፅ አልወርድ ብሎ የሚንጠለጠል ከሆነ ከንፈሩ ጠብቋል፤ ሲጫን አልዘልም የሚል ከሆነም አየሩ ሰንፏል። የሳክስፎን ቱቦ ከአንገቱ እስከ አፉ እየሰፋ የሚሄድ ሾጣጣ ስለሆነ ወደ ኦክታቭ መዝለል በተፈጥሮው ነው፤ ከንፈር ሊረዳው አያስፈልግም።

ኦቨርቶን

ኦቨርቶን ከአንድ የጣት አያያዝ ላይ የሚወጡ ላይኛ ድምፆች ናቸው። የታችኛውን ሲ ፍላት ጣት ሁሉንም ይጫኑና ጣት ሳያንቀሳቅሱ ከዚያው ላይ ሌሎቹን ድምፆች ያውጡ፤ መጀመሪያ ሲ ፍላት ራሱ፣ ቀጥሎ አንድ ኦክታቭ ከፍ ያለው ሲ ፍላት፣ ቀጥሎ ፋ፣ ቀጥሎ ሁለት ኦክታቭ ከፍ ያለው ሲ ፍላት፣ ከዚያም ሬ። የሚሠራው ጉሮሮና የምላሱ ጀርባ ነው፤ ለታችኛው «ኦ»፣ ለላይኞቹ ወደ «ኢ» የተጠጋ። በመንከስ የመጣ ኦቨርቶን አይቆጠርም። ድምፁ ከመምጣቱ በፊት በልብዎ መስማት ወይም ማንጎራጎር በጣም ይረዳል፤ ያልሰሙትን ድምፅ ጉሮሮ አይፈልገውም። በየቀኑ አምስት ደቂቃ በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ከንፈር ይደክምና ጥርስ ይረከባል።

ምላስ

ምላስ ድምፅን አይፈጥርም፤ ድምፅን የሚፈጥረው አየር ነው። የምላስ ሥራ ሪዱን ለቅጽበት ዝም ማሰኘትና መልቀቅ ብቻ ነው። ስለዚህ ኖታው የሚጀምረው ምላስ ሪዱን ሲነካ ሳይሆን ሲለቅ ነው። ይህን በሰውነት ለመረዳት ምላስዎን ሪዱ ላይ አሳርፈው፣ ድምፅ ሳይወጣ አየሩን ከሆድዎ ገፍተው ያቁሙት፤ አየሩ ተገፍቶ በር ላይ እንደቆመ ሲሰማዎት ምላሱን ብቻ ይልቀቁ። ድምፁ ያለ ፍንዳታና ያለ መዘግየት ሊወጣ ይገባል።

የሚነካው ቦታ ከምላስ ጫፍ ትንሽ ወደ ኋላ ያለው የላይኛው ገጽ ነው፤ የሚነካውም የሪዱን ጫፍ ወይም ከጫፉ ጥቂት ዝቅ ያለውን ቦታ ነው። ምላስዎ ረጅም ከሆነ ወይም ማውዝፒሱ ጥልቅ ከሆነ ጥቂት ወደ ኋላ ቢነካ አይጨነቁ፤ ዋናው ነገር ቅለቱ ነው።

አማርኛ አፉን የፈታበት ተጫዋች እዚህ ላይ አንድ የተለየ አደጋ አለበት፤ የውጭ አገር መማሪያዎችም አያነሡትም። «ጠ» ስንል ጉሮሯችን ይዘጋል፣ ከሳንባ የሚመጣው አየር ይቋረጣል፣ የሚፈነዳውም በአፍ ውስጥ የታመቀው ጥቂት አየር ብቻ ነው። ማረጋገጥ ከፈለጉ ትንፋሽዎን ጉሮሮዎ ላይ ይዝጉና «ጥ» «ጥ» ይበሉ፤ ያለ ትንፋሽ ይወጣል። «ድ» ለማለት ሲሞክሩ ግን አይሆንም። «አጥብቀህ ምታው» የተባለ ተማሪ ብዙ ጊዜ ሳያውቀው በ«ጥ» ይመታል፤ እያንዳንዱ ኖታም ከጉሮሮው እየተቆረጠ ይወጣል፣ በኖታዎቹ መካከልም ድምፁ ይሞታል። ስለዚህ ለዕለት ልምምድ «ዱ» ይበሉ፤ ጠንከር ያለ አጀማመር ሲያስፈልግ «ቱ»። በ«ጡ» አይምቱ።

ልምምዱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ማውዝፒሱን ብቻውን ይዘው ከላይ የተባለውን ከፍታ ያግኙ፤ ከዚያ በሜትሮኖም 60 ላይ በየምቱ አንዴ «ዱ» እያሉ ይምቱት። አየሩ እንደ ረጅሙ ድምፅ ሳይቋረጥ ይቀጥል። ቱነሩን ይመልከቱ፤ ምላስ በነካ ቁጥር ቀስቱ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚዘልል ከሆነ መንጋጋዎ ከምላስዎ ጋር እየተንቀሳቀሰ ነው። መስታወት ፊት ይቁሙና አገጭዎን ይመልከቱ፤ ልክ እንደሚያኝክ ሰው ወደ ላይና ወደ ታች እያለ ያዩት ይሆናል። ጣትዎን አገጭዎ ላይ ያሳርፉ፤ ቀስቱም አገጩም ፀጥ እስኪሉ ድረስ በዚሁ ፍጥነት ይቆዩ። ይህ ሳይሆን ወደ ፍጥነት መሄድ ችግሩን ያጸናዋል።

ቀስቱ ሲረጋ ሙሉ መሣሪያውን ገጥመው በመካከለኛው ሶል ላይ በአንድ ምት አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያሉ ይምቱ፤ ሜትሮኖሙን የሚጨምሩት አራቱ እኩልና ለስላሳ ሲሆኑ ብቻ ነው። ለስታካቶ (አጫጭርና የተለያዩ ኖታዎች) አየሩን አያቁሙ፤ ምላስ ወደ ሪዱ በመመለስ ብቻ ኖታውን ያሳጥር። አጭር ኖታን በሆድ የሚቆርጥ ተጫዋች ፈጣን ቦታ ላይ ይወድቃል፤ ሆድ የምላስን ያህል ሊፈጥን አይችልም።

በቅኝት ላይ

ልምምዱን ወደ ዜማ ለማምጣት ትዝታን ከሶል ይንፉ፤ ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ፣ ሚ። ይህን የመረጥኩት ከሲ ወደ ሬ ያለው እርምጃ የሳክስፎንን አስቸጋሪ መሻገሪያ ስለሚይዝ ነው፤ አንድ ጣት ብቻ የያዘው ድምፅ በቅጽበት ወደ ስድስት ጣትና ኦክታቭ ቁልፍ ይዞራል፤ ከንፈርም እንደ ልማዱ ሊረዳ ብሎ ይጠብቃል። መጀመሪያ ሁሉንም ያለ ምላስ በአንድ ትንፋሽ ያያይዙ፤ ሬው ከሲው ይልቅ ከቀጠነ ወይም ከታፈነ ወደ ረጅሙ ድምፅ ይመለሱ። ቀጥሎ እያንዳንዱን በ«ዱ» ይምቱ። ቀጥሎ ሁለቱን እያያያዙ፣ ሁለቱን እየመቱ ይቀያይሩ። ይህ ሲሳካ ወደ ባቲ ይሂዱ፤ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ። ከዶ ወደ ሚና ከሶል ወደ ሲ ያሉት ዝላዮች ከንፈሩ ርቀትን በመንከስ ሳይሆን በአየር መሻገሩን ይፈትናሉ።

ሽለላን ወደ ቴነር ሳክስፎን ያመጣውን የጌታቸው መኩሪያን ቅጂዎች የሚያዳምጥ ሰው ድምፁ ሰፊና ነዛሪ መሆኑን፣ ኖታዎችም ከታች ተንሸራትተው እንደሚገቡ ያስተውላል። እንዲህ ያለ ንዝረት በሳክስፎን የሚሠራው መንጋጋን በጥቂቱ ወደ ታችና ወደ ላይ በማንቀሳቀስ ነው፤ የነከሰ መንጋጋ ደግሞ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ንዝረትን ለመልመድ በሜትሮኖም 60 ላይ በአንድ ምት ሁለት፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ አራት ጊዜ «ያ-ያ-ያ» እያሉ ድምፁን ያወዛውዙት። ምላስን ሲለማመዱ ፀጥ እንዲል ያስለመዱት መንጋጋ እዚህ ላይ በፈቃድዎ ይንቀሳቀሳል፤ ሁለቱን ለይቶ ማዘዝ መቻል ያስፈልጋል።

መጠኑና ጥንቃቄው

በቀን 30 ደቂቃ ያህል ለዚህ ይበቃል፤ ማውዝፒስ 5፣ ረጅም ድምፅ 10፣ ኦቨርቶን 5፣ የቀረው ለምላስና ለቅኝት። በሳምንት አንድ ቀን ለሁለት ሰዓት ከመንፋት በየቀኑ ጥቂት መንፋት ይሻላል፤ የከንፈር ጡንቻ የሚጠነክረው በተደጋጋሚ ሥራና በዕረፍት ነው። ታችኛው ከንፈር በውስጥ በኩል የጥርስ ምልክት ጥቂት ቢታይበት አይደንቅም፤ ከቆሰለ ወይም ከደማ ግን ንክሻ ስለሆነ ያቁሙ፤ በማግስቱም ቀለል ባለ ሪድ ይጀምሩ። ጥርሳቸው ስል የሆነባቸው ተጫዋቾች የታጠፈ ቀጭን ወረቀት ታችኛው ጥርስ ላይ ያደርጋሉ፤ ይረዳል።

ሦስት ወይም አራት ሪድ እያፈራረቁ ይጠቀሙ፤ አንድን ሪድ እስኪሞት የሚነፋ ሰው ሪዱ በላላ መጠን ከንፈሩንም እያላላ ይሄዳል፣ አዲስ ሪድ ሲገጥምም እንደገና መንከስ ይጀምራል። ከነፉ በኋላ ሪዱን ከማውዝፒሱ ነቅለው፣ ምራቁን ጠርገው ጠፍጣፋ መያዣ ውስጥ ያስቀምጡት። ወደ ወፍራም ሪድ መሸጋገር የሚገባው አሁን ያለው ሪድ ላይኛው ክፍል ላይ እየተዘጋ ሲያስቸግር፣ ማውዝፒሱ ብቻውን ሲነፋ ግን ቱነሩ ላይ ሳይናወጥ የሚቆም ከሆነ ነው፤ በግማሽ ቁጥር ብቻ ይጨምሩ፣ በአዲሱም ሪድ የማውዝፒሱን ከፍታ እንደገና በቱነር ይፈትሹ።